ያልተነበቡ ኢሜይሎችን በክብር ስለማሸጋገር

የአቤቱታ ምላሽ ማፋጠኛ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ፕሮግራሙን በአዲስ ሊተካ ነው በተባለ ዕለት ሠራተኛው እንደ ወጉ ደነገጠ፣ እንደ ወጉም ስብሰባ ተጠራ። አሮጌው ፕሮግራም በእርግጥ አርጅቷል። ኢሜይል ላክ ሲሉት መጀመሪያ ያስባል፣ ቀጥሎ ድርቅ ይላል፣ በመጨረሻ ይቅርታ ይጠይቃል። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ይቅርታ መጠየቅ የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለነበር ሊለይ ነው ሲባል ሆዳቸው የባባም አልጠፉም።

የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ግን በልቧ እልል አለች። ባሏ የሚሠራው ሌላ ከተማ ባለው ቅርንጫፍ ነው። ትንሿ ልጃቸው አባቷን የምታውቀው በስልክ ብቻ በመሆኑ፣ ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሰካ «አባዬ እየበላ ነው» ትላለች። ጸሐፊዋ ወደዚያው ቅርንጫፍ ለመዛወር አመልክታለች። ቦታው ክፍት ነው፣ ቅርንጫፉም «ትምጣልን» ብሏል። የቀረችው የዳይሬክተሩ አንዲት «ተፈቅዷል» ናት። ጸሐፊዋ የምትቀመጠው ከበራቸው ሥር ነው፤ ሲያስነጥሳቸው «ይማርዎ» የምትለው ከወንበሯ ሳትነሳ ነው። ይሁንና ጉዳዩን በአፍ ልታነሳ ስትል ሁሉ፣

«እሱን በኢሜይል ላኪልኝ፣ የኔ ልጅ» ይሏታል።

ልካለች። ደግማም ልካለች። ኢሜይሎቿ ሳይነበቡ ከተኙት አሥራ አንድ ሺህ ኢሜይሎች ጋር ተቀላቀሉ። እልልታዋም አዲሱ ፕሮግራም ከተኙበት ያስነሣቸው ይሆናል ብላ ነው።

ታዲያ ይህ ቁጥር እንደ ነውር እንዳይታሰብ። በኃላፊዎች ኮምፒውተር ጥግ ላይ ያልተነበበውን የሚቆጥር ቀይ ቁጥር አለ፤ በዚያ መሥሪያ ቤት የሰው ክብደት የሚመዘነው በእሱ ነው። ኢሜይሉን የሚያነብ ኃላፊ ሥራ ፈት ይባላል። ምክትል ዳይሬክተሩ ገና አራት ሺህ ላይ በመሆኑ ስብሰባ ላይ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚቀመጠው። ዋናው ዳይሬክተር ግን ጠዋት ኮታቸውን ሳያወልቁ «ስንት ገባን?» ይላሉ፤ ጸሐፊዋ ቁጥሩን ስትነግራቸው ፊታቸው ይፈካል።

ፕሮግራሙን ሊቀይር የመጣው ባለሙያ ከትከሻው ሽቦ ስለማይለይ «ኬብል» ተብሏል። ኬብል ስብሰባው ላይ ቆሞ፣

«ከማዛወራችን በፊት ሁላችሁም ሳጥናችሁን አጽዱ። አንብቡ፣ መልሱ፣ የማይረባውን ሰርዙ» አለ።

ጸሐፊዋ በልቧ አሰላች። ካነበቡ ያገኙታል፤ ካገኙት ይፈቅዳሉ!

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ አንብቡ ስትል ምን ማለትህ ነው?»

«ያው... ከፍቶ ማየት።»

«አሥራ አንድ ሺህ ሰው አምኖ የላከልኝን እኔ ልከፍተው? አደራ ይጠበቃል እንጂ ይከፈታል?»

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ምክትሉ ተነሥቶ፣ «የተከፈተ ነገር ይበላሻል፤ ወተትን ማየት ነው» ሲል አጠናከረ። በቃለ ጉባኤውም «ማንኛውም ያልተነበበ ኢሜይል አለመነበቡ ሳይጓደል ይሻገር» ተብሎ ሰፈረ።

በማግስቱ አድራሻዎቹ ሲሞከሩ ሌላ ጉድ ፈላ። አዲሱ ፕሮግራም ሰዎችን በፊደል ተራ ስለሚደረድር «መስኮት ጠራጊ» ከ«ቦርድ ሰብሳቢ» በላይ ጉብ አለ።

«ይህ ዕቃ ሰው አያውቅም እንዴ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«የሚያውቀው ፊደል ነው፣ ጌታዬ» አለ ኬብል።

«ፊደልን ማን ሾመው?»

ወዲያው እያንዳንዱ ባለሥልጣን በማዕረጉ ልክ ከስሙ በፊት «ሀ» እንዲጨመርለት ተወሰነ። ቦርድ ሰብሳቢው ሦስት ደረሳቸው። ከዚያ ወዲያ ሲደውሉ ከአዲሱ ፕሮግራም ጋር የተያያዘው የዳይሬክተሩ ስልክ «ሀሀሀ ቦርድ ሰብሳቢ» ይላል፤ ዳይሬክተሩም ብድግ ብለው፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው ያነሡታል።

ኬብል የዳይሬክተሩን ሳጥን ማሻገር በጀመረበት ጠዋት ጸሐፊዋ ጠጋ አለችው።

«ወንድሜ፣ በሞቴ፣ አትክፈትልኝ። ብቻ የኔዋን ከላይ አድርግልኝ። ዓይናቸው ከገባች ለኔ ይበቃኛል።»

«እሷማ ምን አላት?» አለና ጀመረ። ሰው መርዳት የሚወድ ሰው እጁ ይፈጥናል። የሷን አገኘ፣ ከላይ አደረገ፤ ጣቱ ግን ያልተፈቀደለትን ነክቶ «ሁሉም ተነብበዋል» የሚለውን ተጫነ። ቀዩ ቁጥር ከነዘር ማንዘሩ ጠፋ።

ዳይሬክተሩ ገቡ። «ስንት ገባን?»

ጸሐፊዋ ስክሪኑን አየች። «ምንም የለም፣ ጋሼ።»

ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። ወሬው እንደ ጭስ ሁሉም ክፍል ገባ፤ ሠራተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሊያጽናና ይጎርፍ ጀመር።

«እግዜር ያጽናዎት። ምን አገኛቸው በሞቴ?»

«ትናንት ደህና ነበሩ» አሉ ዳይሬክተሩ። «እንዲያውም ጨምረው ነበር።»

ምክትሉም መጣ። «እጅግ አዝኛለሁ» ሲል ጥርሱ ሁሉ ታየ፤ በአራት ሺህ ብቻ የመሥሪያ ቤቱ ትልቅ ሰው ሆኖ አርፍዷልና ዓይኑ የዳይሬክተሩን ወንበር ይለካ ነበር።

ጸሐፊዋ «ከዛሬ ሌላ ቀን የለኝም» አለችና ስክሪኑን ወደሳቸው አዞረችው።

«ጋሼ፣ እኮ አልጠፉም። ተነብበዋል ነው የሚለው። ይኸው፣ የኔዋ የዝውውር ጥያቄ ከላይ ናት። ሁለት መስመር ናት፣ አንዴ ብቻ...»

ዳይሬክተሩ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ዝጊው! ዝጊው እልሻለሁ! ካየሁት በኋላ አላነበብኩም ማለት እችላለሁ?»

ኬብል ከመጠባበቂያው ቅጂ ሁሉንም መለሰ። ቀዩ ቁጥር አንድ ሳይጎድል አበራ። የጸሐፊዋም ጥያቄ አለመነበቧ ተመልሶላት ከወገኖቿ ጋር ተኛች። ምክትሉ አንገቱን መልሶ ደፋ።

በአዲሱ ፕሮግራም የምረቃ ስብሰባ ኬብል ተሸለመ። ዳይሬክተሩ ወደ ጸሐፊዋ ዞረው፣ «በዚያች ክፉ ቀን ከጎኔ ያልተለየችው እሷ ናት» አሉና ወዲያውም ያልተነበቡ ኢሜይሎች ዋና ጠባቂ አድርገው ሾሟት። አደራ ጠባቂ ደግሞ የያዘውን ሁሉ አንድ በአንድ አስነብቦ ሳያስረክብ ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል መመሪያው ያዝዛል።

ከሰዓት በኋላ ባሏ ደወለ። «ቅርንጫፋችን ለዳይሬክተራችሁ ጽፏል። ዛሬውኑ ካልፈቀዱልሽ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። አሁን ነው የላኩት፣ ሮጠሽ ንገሪያቸው!»

ሮጣ ገባች። ዳይሬክተሩ በስክሪኑ ጥግ እየተደሰቱ ነበር።

«ጋሼ፣ አሁን የገባው ኢሜይል ስለኔ ነው! አንድ ጊዜ ብቻ ይክፈቱት!»

«ስላንቺም ይጽፉልኛል እንዴ?» አሉ በኩራት። «አየሽ፣ ‹በጣም አስቸኳይ› የሚል ምልክት አለው። እንዲህ ያለው በየቀኑ አይገኝም። በይ ከሌሎቹ ለየት አድርገሽ፣ ማንም እንዳይነካብኝ ጠብቂልኝ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለች ጸሐፊዋ። ሹመት ነውና፣ ተቀምጣ መጠበቅ ጀመረች።