መርዶ ደባቂዎች ለሽርሽር ሲወጡ

አንባቢዬ፣ መርዶ የሚደብቅ ወዳጅ ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ በሰው አገር አብረውኝ የሚያስቀድሱ ሁለት አሉኝ፤ ትርሲትና ወይንሸት።

ካሪቢያን ደሴት ሄደን ልናርፍ በተነሳንበት ዋዜማ እናቴን ልሰናበት ዲላ ደወልኩ። ወንድሜ አነሳና፣ «እማዬ ለቡና ለቀማ ኮንጋ ወርዳለች» አለኝ። በጉልበቷ ሕመም እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ በሰው ድጋፍ የምትደርሰው እናቴ ቡና ለቀማ? እግዚአብሔር ፈውሷት ይሆናል ብዬ አመሰገንኩ።

ደሴቱ ላይ የጓደኞቼ ደግነት መጠን አጣ። ዓሣ ያዝዙልኛል፣ አጥንቱን ይለቅሙልኛል፣ አሸዋው ላይ ጃንጥላ ይዘው ይከተሉኛል። «ብዪ እንጂ እታለም፣ ጠንከር በዪ» ትለኛለች ትርሲት፣ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ።

በሦስተኛው ቀን የፀሐይ ቅባት ፍለጋ የትርሲትን ሻንጣ ብከፍት፣ ከዋና ልብሷ ሥር ጥቁር ነጠላ ተጣጥፎ አገኘሁ። ለሽርሽር ጥቁር ነጠላ ማን ይይዛል? የእናቴ ቡና ለቀማ ያኔ ገባኝ። ሻንጣውን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። እንዲህ ለደከሙልኝ ሰዎች እንዴት አውቄያለሁ ልበላቸው? ተመልሼ ዓሣዬን በላሁ፤ ጣፈጠኝም አልኩ።

በተመለስን ማግስት፣ በማለዳ፣ ሁለቱም በሬን አንኳኩ። «እናትሽ አርፈዋል» ሲሉኝ እንዳላወቀ ሰው ጮህኩ። ጩኸቱ ግን አራት ቀን ሙሉ ውስጤ ደጅ ሲጠና የሰነበተ ነበር።