ሊቀ መነጽር የፈረንሳዩን ቀይ ወይን ሦስት ዓመት እንደ ጠበቁትና እንደ ቀመሱት

እህቴን አግብተው በሦስተኛው ፎቅ ላይ በነገሡ በዘጠነኛው ዓመት፣ ዘመነ ፍሪጅ አልፎ ዘመነ ልብስ ማጠቢያ በገባ በሰባተኛው ወር፣ ሊቀ መነጽር፣ ብርሃነ አዕይንት፣ ሩቅ ለማያይ የሩቅ፣ ቅርብ ለማያይ የቅርብ መስተዋት የሚያድሉ፣ ኋላም ዐቃቤ ጠርሙስ የተባሉት የእህቴ ባል፣ ስለ አንድ ጠርሙስ የፈረንሳይ ቀይ ወይን ያደረጉትን የሦስት ዓመት ዘመቻ፣ እኔ የሚስታቸው ወንድም፣ በሙያዬ የችሎት ጸሐፊ የሆንሁ፣ ዓይኔ እንዳየ ጆሮዬም እንደ ሰማ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍሁ። ሳልጨምር ማለቴ እውነት ነው። ሳልቀንስ ማለቴ ግን እህቴ አንብባ ከመለሰችልኝ በኋላ የሚታይ ነው።

ሊቀ መነጽር በሥራቸው መነጽር ሠሪ ናቸው። ሱቃቸው ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ናት። ሰው «ዶክተር» ብሎ ሲጠራቸው አያርሙም፤ «ባለሱቅ» ብሎ ሲጠራቸው ግን አይሰሙም። በዚያም ወራት አንድ ጡረታ የወጣ የመርከብ ካፒቴን ወደ ሱቃቸው መጣ። ይህ ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ የተሳሳተ መነጽር ሲያደርግ ኖሮ፣ የደከመው ዓይኑ ሳይሆን ዕድሜው መስሎት ንባብ ትቶ ነበር። ሊቀ መነጽርም ለክተው፣ ቆርጠው፣ ገጥመው አዲስ ባደረጉለት ጊዜ፣ ካፒቴኑ ከጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንሥቶ፣ ጥቃቅኑን የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ አንብቦም አለቀሰ። በማግሥቱም ከፈረንሳይ አገር፣ ከቦርዶ የመጣ፣ በወረቀቱ ላይ ቤተ መንግሥት የተሣለበት፣ እንኳን ጠጪው ሻጩም ቆሞ የሚያከብረው ቀይ ወይን ይዞ መጣና እንዲህ ሲል አስታወቀ፦

«ይህ ወይን ገና ልጅ ነው፤ ሦስት ዓመት ይተኛ። ይጋደም፣ ይጨልምለት፣ ይቀዝቅዝለት፣ አይነቃነቅ። ሦስት ዓመቱ ሲሞላ ይጥሩኝ፤ በሕይወት ካለሁ እመጣለሁ።»

ሊቀ መነጽር እስከዚያ ቀን ድረስ ወይን በሠርግ ላይ እንጂ በሌላ ቦታ ቀምሰው አያውቁም። ነገር ግን ክብር ሳትጠራ በር ታንኳኳለችና፣ በዚያው ቀን ቴርሞሜትር ይዘው ግዛታቸውን ሊያስሱ ተነሡ። ወጥ ቤቱን ለኩ፤ ምድጃ አለበትና ናቁት። መኝታ ቤታቸውን ለኩ፤ የጧት ፀሐይ ይገባበታልና ተዉት። ሳሎኑን ለኩ፤ ከምሳ በኋላ እስከ ማታ እንደ መጥበሻ ነውና አልፈውት ሄዱ። በመጨረሻም የጓዳውን ክፍል ከፈቱ፤ መስኮቱ ከጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት የተፋጠጠ፣ ፀሐይ መንገድ የጠፋባት፣ ቀዝቃዛ፣ ጸጥተኛ ክፍል ነበር። ለወይን ምንም አይጎድለውም። አንድ ነገር ብቻ ይበዛበት ነበር፤ እርሷም እናቴ ናት።

እናቴ አባታችን ካረፈ ወዲህ በዚያ ክፍል ትኖር ነበር። ሙቀት ሲሆን እግሯ ያብጣል፤ እህቴም ያንን ክፍል የሰጠቻት ስለዚሁ ነበር። ሊቀ መነጽር ግን ቤተሰቡን ሰብስበው፣ በወንበር ላይ ቆመው ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«የዚህ ቤት ሰው ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህም ላልሰማው አሰማ! የጓዳው ክፍል ከዛሬ ጀምሮ የወይን ማቆያ ሆኗል። እማማ ወደ ሳሎን ይዛወራሉ፤ ለሦስት ዓመት ብቻ ነው። ሳሎን ሰፊ ነው፣ ቴሌቪዥንም አለው!»

የእናቴም መልስ አጭር ነበር፦ «እኔ የምተኛው ስለሚደክመኝ ነው። ወይኑ ምን ሠርቶ ደከመው?»

ዘመቻው ግን ቀጠለ። የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ በፊት ሊቀ መነጽር ቴርሞሜትሩን እንደ በትረ መንግሥት ይዘው፤ በቀኝ እህቴ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ፍራሹን ተሸክማ፣ ከንፈሯንም ነክሳ፤ በግራ እኔ የአልጋውን ብረት ይዤ፤ በኋላ መስተዋት ሞራጁ፣ ከሥራው ብናኝ የተነሣ «ዱቄት» የሚባለው ሽማግሌ፣ የእናቴን ሳጥን በጭንቅላቱ ይዞ፤ ከሁሉም በኋላ እናቴ፣ ትራሷን ማንም እንዳይነካባት ራሷ አቅፋ። ሠራዊቱ ዐሥራ አንድ እርምጃ ተጉዞ ሳሎን ደረሰ። ጠርሙሱም በእናቴ አልጋ ቦታ በተሠራ መደርደሪያ ላይ ተጋደመ።

በመጀመሪያው ዓመት ከብርሃን ጋር ተዋጉ። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፈኑ፣ አምፖሉን ነቀሉ፣ ለጉብኝት ሲገቡም በባትሪ መብራት ላይ ቀይ ላስቲክ ጠቅልለው፣ ጫማቸውን አውልቀው ይገቡ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከንቅናቄ ጋር ተዋጉ። የእህቴ የልብስ ስፌት መኪና ከጓዳው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነበርና፣ በተረገጠ ቁጥር ጠርሙሱ ይደነግጣል ተባለ። አዋጅም ወጣ፦ «መርገጫ ያለው ነገር ሁሉ ከዚህ ቤት ይውጣ! የልብስ ማጠቢያውም ይጠብ እንጂ አይጭመቅ!» እህቴም፦ «እንግዲያው እንጀራዬን ይዤ ወዳንተ እመጣለሁ» ብላ መኪናዋን ወደ ሱቃቸው አስወረደች። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ሊለካ የገባ ሰው ደረቱን ተለክቶ ይወጣ ጀመር፤ አንዲት ሴትዮም የማንበቢያ መነጽር ብላ መጥታ ባለ ክር ጉርድ ይዛ ሄደች። እኔና ዱቄትም ቅዳሜ ቅዳሜ አንሶላ በእጃችን ጨመቅን፤ እርሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በአንድ ጫፍ፣ እንደ ተጣሉ ወራሾች እየተጓተትን።

በሦስተኛው ዓመት ሙቀት ተነሣ። እንደዚያ ያለ በጋ አይተን አናውቅም፤ የሕንፃው ደረጃ ብረት እጅ ያቃጥል ነበር። በጓዳው ቴርሞሜትሩ ከዐሥራ ሦስት ተነሥቶ ዐሥራ ስምንት በገባ ቀን ሊቀ መነጽር ምሳ አልበሉም። በሦስተኛው ቀን ኤሲ አስመጡ፤ አስመጥተውም በወይኑ ክፍል ውስጥ አስገጠሙ።

እናቴ በሳሎኑ ሶፋ ላይ፣ እግሯን በወንበር ላይ ሰቅላ፣ በጫማ ሳጥን ክዳን ፊቷን ታራግብ ነበር። የኤሲው ድምፅ በግድግዳው ውስጥ ይሰማታል። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ለመነች፦ «በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጉልኝ፤ የሚያመልጠው ነፋስ ይበቃኛል።»

ሊቀ መነጽርም፦ «በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለት ዲግሪ ይጠፋል፤ በሩ ይዘጋ!» ሲሉ አወጁ።

እናቴም የሳጥኑን ክዳን ከግራ እጇ ወደ ቀኝ እጇ አዛወረች። እኔም የዕለቱን ዲግሪ በመዝገቤ ጻፍሁ፤ ሌላ ምንም አላደረግሁም። ይህም ይጻፍ።

ሦስቱ ዓመት ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው፣ ሊቀ መነጽር ከጠላት ሁሉ በላይ የመጨረሻዋን ሳምንት ፈሩ። ስለዚህ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ሱቁን ለዱቄት ትተው፣ በሸሚዝ ብቻ፣ በዚያ በጨለመና በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠርሙሱን ጠበቁ። በቀዩም መብራት ስለ ወይን የተጻፈ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ እያነበቡ፣ የዚህ ዓይነት ወይን ምን ምን እንደሚሸት በቃላቸው ያዙ። በአምስተኛው ቀን አስነጠሱ። በስድስተኛው ቀን አፍንጫቸው በሁለት በኩል እንደ ተከበበ ከተማ በር ተዘጋ።

እህቴ፦ «ጉንፋን ይዞሃል፤ ለሌላ ሳምንት አስተላልፈው» አለቻቸው። እርሳቸው ግን ካፒቴኑን ጠርተው ነበርና በቁጣ ተነሥተው አወጁ፤ አፍንጫቸው ግን ዝግ ነበርና ‹ን› ሁሉ ‹ድ›፣ ‹ም› ሁሉ ‹ብ› ሆኖ ወጣ፦

«አፍድጫ ይከፈታል! ቀጠሮ ግድ አይፈርስብ!»

እሑድ ከቀትር በኋላ ካፒቴኑ ኮቱን አስተኩሶ መጣ። ዱቄትም ፊቱን ታጥቦ መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ጥቁር ሰው መሆኑን አየን። እናቴ ተጋበዘች ማለት አይቻልም፤ ሳሎኑ መኝታዋ ነውና ግብዣው ደረሰባት እንጂ። ሊቀ መነጽር ጠርሙሱን እንደ ተኛ ሕፃን አቅፈው አመጡ። ቡሹን መክፈት በጀመሩ ጊዜ እኩሌታው ወጣ፣ እኩሌታው ወደ ውስጥ ገባ። እህቴም ነገር ሳታበዛ የሻይ ማጥለያ አመጣች፤ ካፒቴኑም ጠብታ ሳያፈስ አጥልሎ ቀዳ።

በዚያን ጊዜ ሽታው ሳሎኑን ሞላው። እኔ ስለ ወይን አላውቅም፤ ነገር ግን ዱቄት ከወንበሩ ቀና አለ፣ እህቴም ማጥለያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ሊቀ መነጽር ብርጭቆውን አነሡ፤ አዞሩ፤ አፍንጫቸውን እስከ መነጽራቸው ድረስ ከትተው ሳቡ። የተደፈነ የውኃ መውረጃ ድምፅ ተሰማ። ጠጡ። እኔ በችሎት ሃያ ዓመት ስቀመጥ ያላየውን አየሁ የሚል ምስክር ፊት ብዙ አይቻለሁና፣ ያን ፊት ወዲያው አወቅሁት። እርሳቸው ግን ደረታቸውን ነፍተው አወጁ፦

«ጥቁር እድጆሪ! ትብባሆ! የተቀረጸ እርሳስ!»

ካፒቴኑ ለጨዋነት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የራሱን ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ። ጠጥቶም ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሶፋው ሄደ፤ «እናቴ፣ የሦስት ዓመት ጎረቤቱ እርስዎ ነዎት» ብሎ ቀዳላት። እናቴ በአንድ ጉንጭ ያዘችው። ዋጠችው። ጣሪያውን አየች።

«መጀመሪያ ይቆጣል» አለች። «አዲስ ጫማ ከሳጥኑ ሲወጣ እንዳለው ሽታ። ከዚያ ይለዝባል። ከዚያ ደግሞ… አባታችሁ ዝናብ መትቶት ሲመጣ፣ ካፖርቱን በር ላይ ሲሰቅለው።»

ካፒቴኑ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፦ «ይኸው ነው! አርባ ዓመት ስጠጣው ቃሉን አጥቼው ነበር።»

ሊቀ መነጽር አንዴ እናቴን፣ አንዴ ብርጭቆአቸውን አዩ። እንደገና ሳቡ፤ ምንም የለም። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ያለ መነጽር ፊታቸው እንደ ተማሪ ፊት ነበር። ከዚያም በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴን አንድ ነገር ጠየቋት። «እማማ» ሊሉ ፈልገው ነበር፦

«እባባ… ሌላስ አለው?»

ዱቄት በሳቅ ሊሞት ደረሰ። እናቴ በዕድሜዋ እባብ ተብላ አታውቅም፤ ነገር ግን ለሰውየው ሳይሆን ለአፍንጫው ይቅር አለች። ሁለተኛ ጉንጭ ጠጣችና በጫማ ሳጥኑ ክዳን ፊቷን አራገበች።

«አለው፤ ብዙ አለው። ግን እዚህ ይሞቃል ልጄ። ሰው ሲሞቀው ነገር ይጠፋበታል።»

ሊቀ መነጽር ተነሡ። የጓዳውን በር ወለል አድርገው ከፈቱ። ጥቁሩን ጨርቅ ከመስኮቱ በእጃቸው ገነጠሉ፣ መደርደሪያውን ነቀሉ፤ ካፒቴኑም ኮቱን አውልቆ የአልጋውን ብረት ያዘ። በዚህ ጉዞ ከፊት የሄደችው እናቴ ናት፤ ትራሷን ካፒቴኑ ክንድ ላይ ጥላ፣ ብርጭቆዋን ብቻ ይዛ። ከዚህ መስመር ጀምሮ እናቴ በዚህ መዝገብ አንቱ ይባላሉ፤ የኤሲ ባለቤት ሆነዋልና።

የሊቀ መነጽር አፍንጫ በአራተኛው ቀን ተከፈተ። ከሱቅ ሳይሰናበቱ ሮጠው፣ ሦስቱን ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ወጥተው፣ ባዶ የመሰላቸውን የወይኑን ጠርሙስ ከወጥ ቤት አንሥተው በረዥሙ ሳቡት። እህቴ ግን ጠርሙስ የምትጥል ሴት አይደለችም፤ በሳሙና አጥባ በረኪና ሞልታበት ነበር። ዓይናቸው እስኪቀላ ሳሉ።

ስለዚህ ሊቀ መነጽር ያን ወይን የሚያውቁት በወሬ ብቻ ነው፤ ወሬውም ያለው በእናቴ ዘንድ ነው። ማታ ሱቅ ዘግተው ሲመጡ የጓዳውን በር በጣታቸው ያንኳኳሉ፣ ግቡ ሲባሉ በበርጩማው ላይ ይቀመጣሉ፣ «እማማ፣ ዛሬስ ትዝ ያለዎት አለ?» ይላሉ። እናቴም ቀኑ እንደዋለላቸው ይመልሳሉ። ደስ ያላቸው ቀን፣ «ለካ የበሰለ በለስም ነበረው» ይላሉ፤ ሻያቸው የዘገየ ቀን፣ «ዛሬስ ረሳሁት» ይላሉ፤ ሊቀ መነጽርም ሻዩን ራሳቸው ያመጣሉ። እስከ ዛሬ ሠላሳ አንድ ሽታ ተመዝግቧል። ካፒቴኑ ያጸደቀው ዘጠኙን ነው። ትናንት እናቴ፣ «የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ» አሉ፤ እርሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው «አዎን፣ አዎን» አሉ።

እንግዲህ ክብር ለሊቀ መነጽር ይሁን! ሌሎች ጀግኖች የያዙትን ይበላሉ፣ የቀዱትን ይጠጣሉ፤ እርሳቸው ግን ብርሃንን ድል ነሥተው፣ ንቅናቄን አስወጥተው፣ ሙቀትን ማርከው፣ የድሉን ቀን ለአማታቸው አፍ አስረከቡ። ከአበው ማን እንዲህ ጠበቀ? ከልጆችስ ማን እንዲህ ያጣል? ዘመናቸው ይርዘም፣ አፍንጫቸው ይከፈት፤ የእናቴንም በር አንኳኩተው ይግቡ።