ሁለተኛውን ደም ያምጡ

አንድ ጊዜ የተነገረው ነገር የማይዋጥለት ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። በር ቆልፎ ሲያበቃ ተመልሶ ይነቀንቀዋል፤ ሻይ ቀምሶ ስኳር መኖሩን ሌላ ሰው ያስቀምሳል። በማኡን ከተማ ያለው የከብት ደም መመርመሪያችን ደግሞ የእነዚህ ሁሉ የበላይ አሉት፤ ክብርት ማ ኬሌቦንዬ። («ማ» በእኛ አገር ሴትን ሁሉ በአክብሮት የምንጠራበት ነው።)

እኔ ሹፌር ነኝ። ሐይቅ ዳር ካሉ በረቶች የተቀዳውን ደም በበረዶ ሣጥን አመጣለሁ። እሳቸው ከደሙ ውስጥ የአፍተግርን ቫይረስ የተዋጋውን መከላከያ ይፈልጋሉ። ካለ ቀለሙ ይለወጣል። ባለከብቱ ደጅ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

«ማ፣ ተገኘ?»

«ተገኝቷል። ሁለተኛውን ደም ያምጡ።»

«ይኸው ተገኘ እኮ! ሌላው ምን ያደርግልዎታል?»

«ይሄ በሬዎ ከበሽታው ጋር መተዋወቁን ብቻ ነው የሚነግረኝ። ከሳምንታት በኋላ ደግመን እንቀዳለን። ከጨመረ አሁን የያዘው ነው፤ ካልጨመረ የድሮ ነገር ነው።»

ይህን ሕግ እዚያው ከበሬው ጋር ቢተዉት ምን ነበረበት! ሥጋ ሻጩ «ትኩስ ነው» ሲላቸው «ነገም እጠይቅሃለሁ» ይሉታል። ፓስተሩ «ጌታ ይወድሻል» ቢሏቸው፣ «ባለፈው ወርም ብለውኛል፤ ጨምሯል?» አሉ።

እኔም ስስቅባቸው ከርሜ ወደድኳቸው። ከዚያ በፊት በሌላ ሴት ፍቅር ስማቅቅ እንደኖርኩ ማኡን ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም አጎቴ ራ ሴሌካ ሽማግሌዎች አስከትለው ወደ ቤተሰቦቻቸው ሄዱልኝና ሚስት ሲጠየቅ እንደ ወጋችን «የውሃ ቅል ልንለምን መጣን» አሉ።

መልሱ በራሳቸው በማ ኬሌቦንዬ ድምፅ ከጓዳ መጣ። «ከሳምንታት በኋላ ተመልሰው ይምጡ።»

አጎቴ በንዴት ጨሱ። «ሌላ ቅል ፈልግ! እዚያ ደጅ ሁለተኛ አልቆምም!»

ያለ አጎት ሚስት አይጠየቅም፤ ነገሩ እዚያው ሊቀርብኝ ነው።

«አጎቴ፣ እምቢ እኮ አላሉም» ብዬ ለመንኳቸው። «ሁለተኛውን ደም ነው የጠየቁት።»

«እኔን ነው የሚወጉት?»

«ኧረ እኔን ነው!»

በእነዚያ ሳምንታት ክብርትነታቸው ስለ በረዶ እንጂ ስለ ሌላ አንዲት ቃል አልተነፈሱልኝም። በመንገዱ ላይ ብቻዬን ስነዳ ራሴን እየመረመርኩ ነበር። ፍቅሬ ቢቀንስስ ብዬ ፈራሁ። አልቀነሰም።

በቀጠሮው አጎቴ እያጉረመረሙ ገቡ። ሙሽራ እዚያ አይገባምና እኔ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ መስኮቱ ተንኳኳ። ማ ኬሌቦንዬ ወጉን ሁሉ ጥሰው በባዶ እግራቸው ቆመዋል።

«ጨመረ ወይስ ቀነሰ?»

«ጨመረ።»

ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። «የድሮው ነው ብዬ ፈርቼ ነበር እኮ» አለችኝ።

«አሁን የያዘኝ ነው።»

«በል፣ ለአጎትህ ውሃ ልስጣቸው» ብላ ዞረች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ተመልሳም መጣች።

«ምን ነበር ያልከኝ?»

ደግሜ ነገርኳት።