ልጅን በሁዳዴ ማድለብ

እስቲ ንገሩኝ፤ በሁዳዴ፣ ገና ጤዛው ሳይረግፍ፣ ከጎረቤት የገንፎ ሽታ ቢመጣባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ዝም ትላላችሁ? እኔም ዝም ነው ያልኩት። ነጠላዬን ደረብ አድርጌ ወንፊት ልዋስ ሄድኩ እንጂ ምንም አልተናገርኩም። ወንፊት እንኳ ቤቴ አለ። ሁለት ነው ያለኝ።

ቤቱ የኦቦ ነገራ ነው። እዚህ ሱሉልታ ለፋሲካ ሰንጋ የሚያደልቡት እሳቸው ናቸው። የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር በሬ ይገባላቸዋል፤ ሲወጣ በሩ ይጠበዋል። አዲስ አበባ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ አሽከር ልከው እሳቸው ያደለቡትን ነው የሚያስገዙት። ታዲያ ደጁን ገፋ አድርጌ ስገባ ምን አየሁ? በአንድ በኩል ሰንጋው ድርቆሹን ያመነዥካል። በሌላው በኩል ታደሰ፣ የበኩር ልጃቸው፣ ትልቅ ሳህን ታቅፎ ገንፎውን ያመነዥካል። አባትየው መሃል ቆመው አንዴ ያንን አንዴ ይሄንን ያያሉ። እናትየው አስካለ ምድጃው ሥር ቁጭ ብላ ታማስላለች፤ እያማሰለችም ታለቅሳለች።

“አካም ቡልቴ፣ አዴ ብርቄ” ብለው እንዴት አደርሽ አሉኝ ኦቦ ነገራ፣ ደህና ነገር ላይ እንዳገኘኋቸው ሁሉ።

እኔ አማተብኩ። ጾሙስ? አልኳቸው። ገንፎው በኑግ ነው አሉኝ። ሰዓቱስ? አልኩ። ሰዓቱን የነፍስ አባታችን ፈቅደውለታል አሉ። ወንፊቱን ትቼ ቁጭ አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ተቁሞ ይሰማል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ታደሰ ባለፈው ክረምት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሷል። ጎበዝ ነው። መጽሐፍ ሲይዝ ቤቱ ቢቃጠል አይሰማም። ምኞቱ ኮሌጅ መግባት ነው። ኮሌጁ ግን አዲስ አበባ ነው፤ እስካሁን ያሳደረችው አክስቱ ደግሞ አግብታ ጅማ ሄደች። ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ለብሶ፣ መጽሐፍ ገዝቶ ማን ያኖረዋል? ኦቦ ነገራ እንደሆነ በሬ ያደልባሉ እንጂ በሬው የሰው ነው፤ ለሳቸው የሚደርሳቸው የድካማቸው ብቻ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ልጁ መጥቶ፣ አባ፣ ወታደር ብሆንስ? አላቸው። ጦር ሠራዊቱ እያበላ እያለበሰ ያስተምራል፤ ትምህርት የሚገባውን መርጦ ኮሌጅ ድረስ ይልካል፤ በኋላ ጥቂት ዓመት አገልግለኝ ነው የሚለው አለ። አስካለ ይህን ስትሰማ የያዘችው እንስራ ከእጇ ወደቀ። አሁን ሌላ አባት ቢሆን ምን ያደርጋል? ወይ ይቆጣል፣ ወይ ይመርቃል። ኦቦ ነገራ ግን ልጁን አስነሱት፤ ዙር አሉት፤ ከኋላውም ከፊቱም አዩትና ስንት ኪሎ ነው የሚፈልጉት? ብለው ጠየቁ።

ያደለበ ሰው ጥያቄው ሌላ ነው።

እውነትም ጦሩ ክብደት ይጠይቃል። ታደሰ ደግሞ የሱሉልታ ንፋስ ሲነሳ አጥር ይዞ የሚቆም ልጅ ነው። አባትየው በገበያ ቀን እየጎተቱ ወደ አቶ ክፍሌ መጋዘን ወሰዱት። አቶ ክፍሌ የእህል ነጋዴያችን ናቸው፤ ትልቅ ባስኩላ አላቸው፤ የኛ ጤፍ፣ የኛ ባቄላ፣ የኛ ገብስ ሁሉ የሚመዘነው እዚያ ላይ ነው። ልጁን እንደ ጆንያ አቆሙት። ጎደለ። ትንሽ መሰላችሁ? ብዙ ጎደለ። ምዝገባው ከፋሲካ ሳምንት በኋላ ነው። ኦቦ ነገራ ትከሻውን መታ መታ አደረጉና፣ አይዞህ፣ ካንተ የባሰ በሬ አድልቤአለሁ አሉት።

ችግሩ ሁዳዴው ነው። አስቡት እንጂ፣ ሱሉልታ እኮ ነው! በየቤቱ ወተት ሞልቶ፣ ያ ሁሉ ወተት ለፋሲካ ቅቤ ሲናጥ፣ ልጁ ማሽተት እንጂ መቅመስ አይችልም። ኦቦ ነገራ የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄደው ወተት ብቻ ይፈቀድለት ብለው ለመኑ። አባም አሰቡ አሰቡና፣ ለጦር ሜዳ ቢሆን ግድ የለም፣ ለጦር ሜዳ ምዝገባ ግን የተጻፈ ነገር አላየሁም አሉ። ጠዋት መብላቱን ብቻ ፈቀዱለት። ስለዚህ በኑግ፣ በሱፍ፣ በተልባ ማድለብ ሆነ።

እኔ ይህን ሰምቼ ስወጣ ለማንም አልተናገርኩም። ወፍጮ ቤት ተራ ለሚጠብቁት ብቻ ነው የነገርኳቸው። እዚያ ደግሞ ያን ቀን አገሩ ሁሉ ነበር።

በማግስቱ የሆነውን ብታዩ! አንዷ የአጃ አጥሚት በድስት፣ አንዷ የተልባ ጭልቃ፣ አንዷ ቅቅል ድንች በአገልግል፣ ሌላዋ የሽምብራ ዓሣ ይዛ ትመጣለች። የኔን ዳቦ ቆሎ ሳልረሳ። ታደሰ አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ይደርሳል። ልጁ ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው ማንኪያ ነው።

ማድለብ ሕግ አለው ለካ። ድልብ አይንቀሳቀስም። ኦቦ ነገራ ኳስ ጨዋታ ከለከሉት፤ ወንዝ መውረድ ከለከሉት፤ ጓደኞቹ ሲጠሩት ከአጥር ወዲህ ሆኖ ይመልሳል። ማታ ማታ ደግሞ ሰንጋውን ሻኛውን ይዳብሱና ዞረው የልጁን ትከሻ ይዳብሳሉ። አንድ ቀን ታደሰ ተናዶ፣ “አባ፣ እኔ እኮ ሰው ነኝ!” አላቸው። “ሰው መሆንህን እኔ አውቃለሁ” አሉት፣ “ሐኪሙ እንዲያውቅ ነው የምንለፋው።”

ከሁሉ የምታሳዝነኝ አስካለ ነበረች። እንዲሄድባት አትፈልግም። ወንድሟ ወታደር ሆኖ ሩቅ ሄዶ፣ በስንት ጊዜው ነው የመጣው፤ ሲመጣም የናቱን ለቅሶ አልደረሰም። ልጇን ለማስቀረት ታዲያ መላው ቀላል ነበር፤ ማስራብ ብቻ ነው። ግን የትኛዋ እናት ናት የምትችለው? አንድ ቀን ሳህኑን ቀነስ አድርጋ አቀረበችለት፤ ልጁ ጨርሶ ቀና ሲል አንጀቷ አልችል አለ፤ ብድግ ብላ እጥፍ አድርጋ ሞላችው። ከዚያ ወዲህ እያለቀሰች ታበላዋለች። አንቺ ደግሞ እንባሽ ወጡ ውስጥ ይገባል፣ ጨው በዛ አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያም ቀጠለች።

በየገበያው ቀን ልጁ ባስኩላ ላይ ይወጣል። ገበሬው ሁሉ ጆንያውን አውርዶ ይከበዋል። አሁንስ? ይላል ሰው። ጎደለ። በሚቀጥለው ገበያስ? ጎደለ። ጉንጩ ሞልቷል፣ ሱሪው ጠቦታል፣ ባስኩላው ግን ወይ ፍንክች! እኔ ራሴ አንድ ቀን ከኋላው ወጣሁና ተመዘንኩ፤ እንደ ልጃገረድ ቀላል ሆኜ ተገኘሁ። ደስ አለኝ፤ ለሰውም አወራሁ። አቶ ክፍሌ ደግሞ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ልጁ አጥንቱ ቀላል ነው፣ የዘር ነው፣ ምን ይደረግ ይላሉ። አስካለ ኮሶ ይጠጣ፣ ትል ነው የሚበላበት አለች። ኦቦ ነገራ ጮኹ። ያን ሁሉ ገንፎ ጠርጎት ሊወርድ? በፍጹም! አሉ።

ብቻ ፋሲካ ደረሰ። ኦቦ ነገራ የቀረችውን ጊዜ በወተትና በሥጋ እናካክሳታለን አሉ። ከሌሊቱ ዶሮ ጀመረ፤ ጠዋት ቅቤ፣ ቀትር ላይ ጥሬ ሥጋ፣ በላዩ ወተት፣ በወተቱ ላይ ዓይብ። ሁለት ወር ሙሉ ኑግና ተልባ የለመደ ሆድ ይህን እንዴት ይቻለው? ከዚያ በኋላ ታደሰን ያየነው ወደ ጓሮ ሲሮጥ ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሮጠ። ሁዳዴን ሙሉ የሰበሰብነው ሁሉ በፋሲካ ወጣ። ጉንጩ ተመልሶ ገባ፤ ሱሪው ገመድ ፈለገ። አባትየው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ማል ጎና፣ አዴ ብርቄ? ምን ይሻላል? አሉኝ። እኔም የምለው አጣሁ። እኔ የምለው ሳጣ እንግዲህ ነገሩ የት እንደደረሰ ገምቱት።

በቀኑ ግን ሄድን። ድርቆሽ የጫነ መኪና ላይ ወጥተን፣ እንጦጦን ዞረን ወረድን። እኔ ስንቅ ልያዝ ብዬ ነው የሄድኩት። ስንቁ ለራሴ ሆነ፤ ልጁማ ምግብ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። መመዝገቢያው ደጅ ጎረምሳ ሁሉ ተሰልፏል። ሐኪሙ ታደሰን ሚዛን ላይ አወጣው። ኦቦ ነገራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ደግሞ በልጁ ፈንታ ትንፋሼን ስቤ ሆዴን ነፋሁ።

ያልፋል! ውረድ! አለ ሐኪሙ።

ምን? አልን ሁላችን። ኦቦ ነገራ ጠጋ ብለው፣ ጌታዬ፣ ተሳስተው እንዳይሆን፣ ልጄ እኮ ታሞ ነው የከረመው አሉ። ሐኪሙ ሳቀ። ልጅህ አልፏል ሲባል የሚከራከር አባት አይቶ አያውቅም። እንደገና መዘነው። አለፈ፤ እንዲያውም ተረፈ። ኦቦ ነገራ ቆባቸውን አወለቁና ራሳቸው ወጡበት። ወረዱና፣ አዴ ብርቄ፣ ነይ ውጪ አሉኝ። ወጣሁ። እናንተዬ! ያቺ በሱሉልታ ባስኩላ ልጃገረድ የሆነችው ሴትዮ የት ሄደች? የሚዛኑ መርፌ ሮጠ፣ ሮጠ። ሐኪሙ እናቴ ደህና ኖት፣ ይውረዱ አለኝ።

ኦቦ ነገራ አልሳቁም። በጥር አቶ ክፍሌ ዘንድ ያስመዘንሽው ባቄላ ትዝ ይልሻል? አሉኝ። ትዝ አለኝ። የኔ ባቄላ! የሳቸው ገብስ! የአገሩ ሁሉ ጤፍ! አጥንቱ ቀላል የሆነው ልጁ አልነበረም፤ ያ ባስኩላ ዕድሜውን ሙሉ የወጣበትን ሁሉ ሲያከሳ ኖሯል።

ስንመለስ ለማን እንደነገርኩ አልነግራችሁም። ብቻ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አቶ ክፍሌ ቀረቡ። ባስኩላው አርጅቶ ነው አሉ። ካረጀ አንዳንዴ እንኳ ወደኛ አይሳሳትም ወይ? ተባሉ። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። የማን እህል ምን ያህል እንደጎደለ ማን ያውቃል? ስንት ዓመት! ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና እንዲህ ፈረዱ። አቶ ክፍሌ አዲስ አበባ፣ አዲሱ ገበያ ሰፈር ቤት አላቸው፤ ታደሰን እዚያ አኑረው፣ አብልተው፣ አልብሰው ኮሌጁን ያስጨርሱት፤ ልጁም የሁላችን ልጅ ይሁን። እልልታው ቀለጠ። አስካለ መሬት ሳመች። ልጇ ወታደር ሊሆንባት ነው ብላ ስታለቅስ ከርማ፣ ይኸው ሳይሄድባት ሊማርላት ነው!

ከዚያ ሰዉ ጀመረ። አንዱ ተነሳና፣ በሉ እንግዲህ ጠበቃ ይሁንና የመሬቴን ክርክር ይያዝልኝ አለ። የለም፣ መሐንዲስ ይሁንና ድልድይ ይሥራልን፣ ክረምት ደራሽ ወሰደን አለች ከወንዝ ማዶ ያለችው። ሌላው ጤፌ አለበት፣ በየወሩ ውጤቱን እያመጣ ያሳየኝ አለ። አንዱ እንዲያውም ሴት ልጁን ጠቆም አደረገ። እኔ ምንም አልጠየቅሁም፤ ሐኪም ሆኖ ይህን ጉልበቴን እንዲያይልኝ፣ እህቴን ቡራዩ ያለችውንም፣ የሷን ልጆችም እንዲያይልኝ ብቻ ነው ያልኩት።

ታደሰ እያንዳንዱን ሰማ። ከዚያ ተነስቶ እጅ ነሳ።

“አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። እኔ ወታደር እሆናለሁ” አለ። “ጦሩ ጥቂት ዓመት ነው አገልግለኝ ያለኝ። እናንተ ግን ዕድሜ ልኬን ነው።”

ሽማግሌዎቹ ወደ አባትየው ዞሩ፤ ልጅዎን ይምከሩት እንጂ አሉ። ኦቦ ነገራ ግን ግድግዳ ይዘው ይስቃሉ፤ እንባቸው ወረደ። በመጨረሻ፣ መምረጡ የሱ ነው፣ የኔ ሥራ ማብላት ነበር፣ አብልቻለሁ አሉ። አስካለ ልጇን አየችው፣ እኛንም ዞራ አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ ነጠላዋን አራግፋ ተነሳች፤ ልጄ እውነቱን ነው፣ ስንቁን ልሥራለት ብላ ሄደች። አቶ ክፍሌ ተገላገልኩ ብለው ብድግ ሲሉ ሽማግሌዎቹ ቁጭ አደረጓቸውና ለድልድዩ እንጨትና ሚስማር ይግዙ አሏቸው።

እኔ ግን ተቀይሜያለሁ። ጉልበት ማየት ዕድሜ ልክ ይፈጃል እንዴ? ብቀየምም በሚሄድበት ቀን መኪናው ድረስ ሸኘሁት። ጠጋ አልኩና በጆሮው፣ ኮሌጅ ሲልኩህ ሐኪምነት በላቸው አልኩት። ወታደር ብቻ ነው የምታክመው ካሉህም፣ ብርቄ ወላጅ እናቴ ናት በላቸው አልኩት። እሺ አለኝ፣ እየሳቀ።

ወላጅ እናቱ አስካለ ለካ ከኋላዬ ቆማ ትሰማለች። የሰው ቤት ገንፎ በአጥር የማሸተው እኔ እሷን አላየኋትም። ይኸው እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም።