የዘሀራ ዓሦችና ጋሼ ደምመላሽ

መርካቶ ውስጥ አንድ ሁሉን አዋቂ ጎረቤት የሌለው ሱቅ የለም። ዕቃ ሲሰበር ከባለቤቱ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ ከተፍ ይላል፤ ሲወጣ የተሰበረው ዕቃ ሁለት ሆኗል።

በጃንሆይ ዘመን፣ ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ በነበረው ጨርቅ ተራ፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ጋሼ ደምመላሽ ነበሩ። ጋሼ ደምመላሽ ጓጉንቸር ነጋዴ ናቸው። የገዛ ሱቃቸው ግን ቀኑን ሙሉ ተቆልፎ ነው የሚውለው። ሲጠየቁ፣ «ዕቃዬ መሥራቱን ገበያተኛው ይይልኝ ብዬ ነው» ይላሉ።

የሽኩርን ሬዲዮ ጠግነዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሬዲዮው ዜና ሲጀመር ጸጥ ይላል፣ ዜናው ሲያልቅ ይነቃል። እህል በረንዳ ድረስ ወርደው የእህል ነጋዴውን የጣሰውን ስንዴ ከነቀዝ ላድን ብለው በርበሬ አጥነውታል። ነቀዙ ምንም አልሆነ፤ ገዢው ግን እያስነጠሰው ሸሸ። እሳቸው እቴ! «ይሄማ ቀላል ነው!» ብለው ይጀምራሉ፤ ሲበላሽ ደግሞ «በቃ፣ አሁን ችግሩ ታወቀ» ይላሉ።

ጨርቅ ነጋዴው ሰላሁዲን ከእሳቸው የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት አላህን የሚለምነው ገበያ እንዲሰጠውና ጋሼ ደምመላሽን እንዲያዘገይለት ነበር።

ሚስቱ ዘሀራ እናቷን ልታስታምም አገር ቤት ስትሄድ አደራ የጣለችበት ዓሦቿን ነው። ወንድሟ ከዓደን ያመጣላት የመስታወት ገንዳ ሱቁ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ውስጡ ብርቱካንማ ዓሦች ይዋኛሉ፤ በጎኑ ውሃውን በቱቦ እየሳበ የሚያጣራ ሞተር ያጉረመርማል። ባልና ሚስቱ ልጅ የላቸውም። ዘሀራ እያንዳንዱን ዓሣ በስም ነው የምትጠራው። «አደራህን ሰላሁ፣ አንዷ እንዳትጎድልብኝ» ብላው ነው የሄደችው።

ልትመለስ በነበረበት አርብ ጠዋት ሰላሁዲን ሱቁን ሲከፍት ትንሿ ዓሣ፣ ሉባባ፣ በጅራቷ ቱቦው አፍ ላይ ተጣብቃ ትንፈራገጣለች። ሮጦ ሞተሩን ነቀለው። ሉባባ ተላቀቀች፤ ጎኗን አጋድላ መዋኘት ጀመረች። ግን ሞተሩ እንደቆመ ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ቢሰካው ይውጣቸዋል፤ ቢነቅለው ይታፈናሉ። ዘሀራን ምን ይላታል?

ሊቁ ደረሱ።

«ይሄማ ቀላል ነው! የቱቦውን አፍ በስስ ሻሽ እናስረዋለን። ውሃው ያልፋል፣ ዓሣው ይቀራል።»

ነገሩ እውነት መሰለ። ሰላሁዲን ከጥቅሉ ምርጡን አዲስ ሻሽ ቀደደ፤ ለዘሀራ ዓሦች ያረጀ ጨርቅ ማን ያስራል? አሰሩት፤ ሞተሩን ሰኩት። ጥቂት ቆይቶ ውሃው አጥሚት መሰለ። ፋብሪካው ጨርቁን ያደረቀበት ስታርች ሟሙቶ ዓሦቹ ከነስማቸው ጠፉ።

«በቃ፣ አሁን ችግሩ ታወቀ» አሉ ጋሼ ደምመላሽ፤ ድምፃቸው ግን እንደወትሮው አልነበረም።

ሻሹን ፈተው ጣሉ። ውሃውን በባልዲ ቀድተው ደፉ፤ ዘሀራ በበርሜል ባስቀመጠችው ውሃ ተኩ። ዓሦቹ በሕይወት አሉ፤ ሞተሩም ተሰካ፤ የቱቦው አፍ ግን እንደገና ራቁቱን ቀረ። በዚህ መሃል የጁምዓ አዛን ተሰማ።

«ሂድ ስገድ» አሉ ጋሼ ደምመላሽ ኮታቸውን እያወለቁ። «እኔ እይዘዋለሁ።»

«ምኑን ነው የሚይዙት?»

«አፉን ነዋ!»

ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ነክረው ጣቶቻቸውን በቱቦው አፍ ዙሪያ እንደ አጥር ዘረጉ።

ሰላሁዲን ሰገደ፤ ልቡ ግን ገንዳው ውስጥ ነበር። ያ አንድ ቦታ ቆሞ የማያውቅ ሰውዬ እስካሁን ሌላ ሱቅ ሊጠግን ሄዷል ብሎ እየተራገመ ተመለሰ። ጋሼ ደምመላሽ አሉ። ሸሚዛቸው እስከ ትከሻው ርሷል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ሉባባ ጣታቸውን እየነካካች ትመለሳለች። አንዷን ገበያተኛ «ሜትሩ እዚያ ነው፣ ራስሽ ለኪ» ይሏታል።

«ልተካዎት ጋሼ፣ እኔ ልያዝ።»

«ለምደውኛል። አዲስ እጅ ያስደነግጣቸዋል።»

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ጋሼ ደምመላሽ የአርብ ጾማቸውን አልፈቱም። ሰላሁዲን ከጎረቤት ምግብ ቤት ሽሮ አስመጣ፤ ሥጋ የለበትም፣ ለሁለቱም ይሆናል። ያን ሲሸሸው የኖረውን ሰው በገዛ እጁ ያጎርሰው ጀመር።

«ጉርሻ እንዲህ አይደለም የሚጠቀለለው» አሉ ጋሼ ደምመላሽ አፋቸው ሞልቶ።

ዘሀራ ጓዟን እንደያዘች በሩ ላይ ደርሳ ይህን አየች። ወደ ገንዳው ቀርባ ዓሦቹን ቆጠረች። አንድም አልጎደለም። የሆነውን ሁሉ ሰምታ የተጣለውን ሻሽ አነሳች።

«ሳታጥቡት አሰራችሁት?»

ሰላሁዲን ዕድሜ ልኩን ሻሽ ሸጧል፤ አጥቦ ግን አያውቅም። ዘሀራ በፍል ውሃ ደጋግማ አጠበችው፤ አቀዝቅዛ አሰረችው። ሉባባ በአጠገቡ አለፈች፤ ምንም አልነካት።

ጋሼ ደምመላሽ እጃቸውን አወጡ። ጣታቸው ነጥቶና ተጨማዶ ደንዝዞ ስለነበር የእጅጌያቸውን ቁልፍ መቆለፍ አቃታቸው። ሰላሁዲን ጎንበስ ብሎ ቆለፈላቸው።

«ነገም ይምጡ፣ ጋሼ» አለ። ካፉ ያመለጠው መስሎት ነበር፤ አላመለጠውም፣ ከልቡ ነው።

ጋሼ ደምመላሽ የተቆለፈውን እጅጌ ትክ ብለው አዩት።

«እሺ» አሉ።