የአያ መንሱር ቀኝ እግር

የትም ከተማ ይሂዱ፣ የቆመ መኪና አይቶ ጎማውን ሳይረግጥ የማያልፍ አንድ ሰው አለ። በጫማው ጫፍ ነካ ያደርጋል፤ የልብ ትርታ እንደሚያዳምጥ ሐኪም አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፤ ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል። ማንም አልጠየቀውም፣ ማንም አልሾመውም፣ ይግባኝም የለውም። ጎብዬ ላይ እንዲያውም ሁለት አሉ ይባላል፤ እርስ በርስ አይነጋገሩም። ቆቦ ግን አንድ አላት፤ አንዱ ለከተማው ሙሉ በቂ ነው።

ክቡርነታቸው አያ መንሱር ይባላሉ። በጉልምስናቸው የጭነት መኪና ነድተዋል። ስንት ዓመት እንደነዱ እንደ ጨዋታው ሁኔታ ይረዝማል፣ ያጥራል። አሁን በዋናው አስፋልት ዳር የጨውና የሳሙና ሱቅ አላቸው። ሱቁን የምትጠብቀው ባለቤታቸው ዓሊማ ናት፤ እሳቸው የሚጠብቁት መንገዱን ነው። ባጃጅ ቆመ፣ ሞተር ቆመ፣ ሚኒባስ ቆመ፣ አያ መንሱር ከተቀመጡበት ብድግ ይላሉ። ቀኝ እግራቸው ቀድማ ትሄዳለች፤ እሳቸው ይከተሏታል።

ጠብ! ያደርጉታል ጎማውን።

«ይኼ ጀናዛ ነው። ቅበረው!»

ጥርሱ ያለቀ ጎማ ከሆነ እንዲህ ነው። አዲስ ከሆነም እንዲህ ነው። አንድ ቀን ካሊድ የሚባል የሰፈሩ ልጅ፣ ያኔ ባጃጅ ይነዳ ነበር፣ የዚያኑ ዕለት ጠዋት የገጠመውን አዲስ ጎማ ይዞ ደረታቸው ላይ ሊወጣ ምንም ሳይቀረው መጥቶ ቆመ። አያ መንሱር ረገጡት። አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። አሁንም ረገጡት።

«አያ፣ ዛሬ እኮ ነው የገዛሁት! ላስቲኩ ገና ይሸታል!»

«ስለሱ ነው የምልህ። ጀናዛም በመጀመሪያው ቀን ያምራል።»

የጋሪ ጎማ ይረግጣሉ። («ፈረሱስ ደህና ነው።») እንግዳ ባለሥልጣን የመጣበትን መኪና ጎማ ረግጠው ጠባቂው አባሯቸዋል፤ እየሄዱም ዞር ብለው የኋላውን ቀኝ ጎማ በጣታቸው አሳይተውታል። አንዴ ብቻ ነው ቃላቸው የከዳቸው። የአንድ ጎረቤት አስከሬን ወደ መቃብር ሊሄድ መኪናው ላይ ሲጫን፣ እግራቸው እንደ ልማዷ ሄዳ ጎማውን መታች። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው። አፋቸው ተከፍቶ ነበር። እንደተከፈተ «ኢና ሊላሂ» አሉና ዘጉት።

ይኼ ሁሉ ጨዋታ ነው። ማንንም አልጎዳም። የጎዳው ሌላኛው ትምህርታቸው ነው።

የራያ ቆላ ቀትር ላይ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አስፋልቱ ይለሰልሳል፣ ከሩቅ ሲያዩት ውኃ የተኛበት ይመስላል። አያ መንሱር በዚህ ላይ የራሳቸው ሳይንስ ነበራቸው። ሙቀት አየር ያሳብጣል፣ ያበጠ ነገር ይፈነዳል፤ ስለዚህ ጎማ ቀትር ላይ ማስተንፈስ ነው። በቁልፋቸው ጫፍ የጎማውን አየር መግቢያ ጫን ያደርጉና «ስስስስ» ሲል ዓይናቸውን ይከድናሉ፤ የታመመ ሰው የተነፈሰላቸው ያህል።

«ትንፋሽ ስጠው አቦ! እሱም እንዳንተ ነፍስ ያለው ነገር ነው!»

ከተማው ተቀበላቸው። ቀትር ላይ በአስፋልቱ ዳር ያለፈ ሰው እባብ የሰፈረበት ይመስለው ነበር፤ እዚህ ስስስ፣ እዚያ ስስስ። እምቢ ያለቻቸው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ኡሙሃኒ የእህል ነጋዴዋ። ፒክአፗን ራሷ ትነዳለች፤ ከአያ መንሱር ጋር አብረው ያደጉ ናቸውና አታከብራቸውም።

«መንሱር! እግርህን ሰብስብ!»

«ኧረ በአላህ ኡሙሃኒ፣ ጎማሽ ተወጥሯል። ትንሽ ብቻ ላስተንፍሰው።»

«ጠዋት ሳይሞቅ አስለክቼዋለሁ። መኪናው በር ላይ የተጻፈውን የአየር ልክ ያህል አለው። ለትንፋሹ ጌታ አለው፤ ዞር በል!»

«ሴት ልጅ መሪ ስትይዝ…» ይሉና የቀረውን ለሳሙናው ያጉረመርማሉ።

እንግዲህ የጀዊሪያ ሠርግ መጣ። ጀዊሪያ ከሱቁ ጀርባ ያለው ቤት ልጅ ናት፤ የአያ መንሱርን ከረሜላ እየበላች ያደገች፣ ጭናቸው ላይ ሆና መሪ እንዲያስይዟት አልቅሳ የምታውቅ። ለዋጃ ከተማ ልጅ ተዳረች። በምሳ ሰዓት ሙሽራዋን የሚወስዱት መኪኖች በሰልፍ ቆሙ። የሙሽራዋን መኪና የሚነዳው ካሊድ ነው፤ ባጃጁን ትቶ የሰው መኪና መንዳት ጀምሯል። አያ መንሱር ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ወጡ። ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎበኙት። የክብር ዘብ የሚጎበኝ ሚኒስትር እንደሳቸው አይረማመድም። እየረገጡ፣ እያስተነፈሱ፣ ስስስስ። የሙሽራዋ መኪና ጋ ሲደርሱ ግን ለቁልፋቸው ብዙ ጊዜ ሰጡት። የሚወዷት ልጅ ናትና አብዝተው አስተነፈሱላት።

ኡሙሃኒ ፍራሹንና ሰንዱቁን ጭና ከኋላ ቆማለች። እጇን በመስኮት አውጥታ ጣቷን ነቀነቀችባቸው። አለፏት።

ሌላው መኪና ሞልቶ ስለነበር ዕጣ ፈንታቸው እሷው አጠገብ መቀመጥ ሆነ።

«ግባ። እግርህን ግን ወለሉ ላይ አድርጋት።»

ከቆቦ ወጥተው ብዙም ሳይርቁ፣ ጥሩንባው፣ እልልታውና ጭብጨባው ገና በሞቀበት፣ ከፊት ለፊት «ጧ!» አለ። የሙሽራዋ መኪና የኋላ ጎማ ነው። መኪናው እንደሰከረ ሰው ወደ ግራ ተንገዳገደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ አስፋልቱን ለቆ ማሽላ ውስጥ ገባ። ማሽላው የደረሰ ነበር፤ እንደ ሰው እጅ ያዘው። ባይይዘው ከዚያ ወዲያ ያለው ገደላማ ወንዝ ነው።

አያ መንሱር እንዴት እንደወረዱ አያስታውሱም። ጀለቢያቸው በአገዳው እየተቀደደ ሲደርሱ ጀዊሪያ በሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። ቬሏ ላይ የማሽላ ፍሬ ተበትኗል። ሂና የተሣለበት ቀኝ እጇ ከአንጓው በማይታጠፍበት ታጥፏል። አላለቀሰችም። «አያ፣ እጄን እዩልኝ» አለቻቸው፤ ልጅ ሆና ጉልበቷ ሲላጥ እንደምትላቸው።

ደግፈው አመጧት። ኡሙሃኒ ፍራሹን ዘርግታ ጠበቀች። ጀዊሪያን ወደ ላይ ሲያነሷት አያ መንሱር ለመደገፍ ግራ እጃቸውን የፒክአፑ ጎማ ላይ አሳረፉ። ለብ ያለ ነበር፤ እንደ ጤነኛ ሰው ግንባር። እጃቸው እዚያው ቀረች። ከዚያ ዞር ብለው አጠገቡ የቆመውን፣ እሳቸው ያስተነፈሱትን ሌላ የሠርግ መኪና ጎማ ነኩ። አቃጥሏቸው እጃቸውን መለሱ። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፀሐይ የመጡ ሁለት ጎማዎች ናቸው። አየሩ የጎደለው ጎማ ሲንከባለል እንደ ሊጥ ሲታሽ፣ ሲታሽ ሲግል፣ ሲግል ሲሳሳ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባቸው። የስንት ዓመት ሹፌር መዳፋቸውን እያዩ ቆሙ።

ቀና ሲሉ ኡሙሃኒ እያየቻቸው ነው። አንድ ቃል ብትናገር፣ ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። መኪናዋን አስነሥታ ሙሽራዋን ወደ ሐኪም ቤት ይዛ ሄደች።

ከዚያ የባሰው መጣ። ካሊድ ከማሽላው ውስጥ ወጥቶ መጣና ትከሻቸውን ሳመ።

«አላህ ይስጥዎት አያ! አንቱ ባያስተነፍሱት ኖሮ አራቱም ነበር የሚፈነዳ! ወላሂ ዛሬ አልቀን ነበር!»

«እውነቱን ነው!» አለ ሠርገኛው። «አያ መንሱር ናቸው ያዳኑን!»

ወረፋ ይዘው ትከሻቸውን ሳሙ። አያ መንሱር ትከሻቸውን ማሸሽ ፈልገው የሚያሸሹበት አጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኝ እግራቸው ሥራ ፈታች። መኪና የቆመበትን ዳር ትተው በማዶው ይሄዱ ጀመር። ሱቁ ውስጥ ከሳሙናው ካርቶን ጀርባ ተቀመጡ። ሰው «አያ መንሱርን አሟቸው ነው?» ሲል ዓሊማ «እግራቸውን ነው» ትላለች። ውጭ ግን ስስስስታው ብሶበታል። የጀዊሪያ ሠርግ ወሬ ከተማውን አዳርሶ፣ ቀድሞ የማያስተነፍሰው ሁሉ ማስተንፈስ ጀምሯል። «እንደ አያ መንሱር አርገው እንጂ!» ሲባል ይሰማሉ። እያንዳንዷ ስስስ ጆሮአቸው ውስጥ ትገባና እዚያው ትቀመጣለች። የሚቀጥለው ማሽላ ላያገኝ ይችላል።

ካሊድን ጠሩት። «ካሊድ፣ ጎማው የፈነዳው እኔ አየሩን ስላጎደልኩት ነው።»

«ኧረ አብሽር አያ! ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ። ምን ያደርጋል ራስን መውቀስ!»

ጁምዓ ዕለት ከመስጊድ ሲወጡ ደጃፉ ላይ ቆመው ተናገሩ። «ያ ጀመዓ! ጎማ አታስተንፍሱ! ያስተማርኳችሁ ስሕተት ነው! የጀዊሪያን እጅ የሰበርኩት እኔ ነኝ!» ከዚያ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማሻአላህ። ሰው አድኖ እንዲህ ራሱን ዝቅ የሚያደርግ!»

ትሕትናቸው ደግሞ ሌላ ወሬ ሆነ። አያ መንሱር በዕድሜያቸው ሙሉ የተናገሩት ሁሉ ታምኗል፤ እውነት የተናገሩበት ቀን ብቻ የሚያምናቸው አጡ።

ሚኒባስ ተሳፍረው ዋጃ ሄዱ፤ ሲወርዱም ጎማውን አልረገጡም። ጀዊሪያ እጇ በጄሶ ተጠቅልሎ፣ ሂናው የደበዘዘ የጣቶቿ ጫፍ ብቻ ወጥቶ ተቀምጣለች። አልተቀመጡም። ቆመው ነገሯት። ቁልፉን፣ ስስስታውን፣ የሷን ጎማ ከሁሉም አብልጠው ማስተንፈሳቸውን፣ መዳፋቸው የነገራቸውን።

«ሲያመኝ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ነበሩ፣ አያ» አለች። «ማንን እንደምረግም አላውቅም ነበር።»

«እኔን ርገሚ።»

«አሁንማ እንዴት ብዬ!» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየላቸውም። «እኔ አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ። ነገ የምትሄደዋ ሙሽራ ግን ከረሜላዎትን አልበላች፣ አታውቅዎት። ለሰዉ ነገሩ?»

«ነገርኩ። አላመኑኝም።»

«በአፍዎ ነዋ የነገሩ! ቆቦ መቼ አፍዎን አምና ታውቃለች? ያመነችው እግርዎን ነው። ስትረግጥ አይታ፣ ቁልፉን ሲያስገቡ አይታ። አሁንም የምታየው ነገር ያድርጉላት።»

ከዋጃ ሲመለሱ አየር መለኪያና የእጅ ፓምፕ ይዘው ተመለሱ። በማግስቱ ገና ፀሐይዋ ሳትበረታ ከሱቁ ፊት ያለው አስፋልት ዳር ወጡ። የመጀመሪያው ባጃጅ ሲቆም አያ መንሱር ሄዱ፤ እግራቸውን አላነሡም። ተንበረከኩ። ነጭ ጀለቢያቸው አቧራው ላይ ተዘረጋ። ባለ ባጃጁ ደንግጦ ወረደ።

«ምን ሆነው ነው አያ? ይነሡ እንጂ! ለጎማ ይሰገዳል?»

«ያጎደልኩትን እየመለስኩ ነው። ዝም በልና ፓምፑን ያዝልኝ።»

በየቀኑ እንዲሁ። ጀለቢያው በጉልበቱ የሳሳ፣ ላቡ የሚንቆረቆር፣ እየለካ የሚነፋ ሽማግሌ። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ አፈረ፤ ሽማግሌ ተንበርክኮ እያየ ማን ቁልፉን ያወጣል? ካሊድም መጣ። ቀትር ላይ የራሱን የተነፈሰ ጎማና እሳቸው ጠዋት የሞሉትን ጎማ በየተራ አስነኩት። እጁን ሲመልስ የሠርጉ ቀን ፊቱ ላይ ሲያልፍ አዩ። ከዚያ ወዲህ ፓምፑን የሚይዝላቸው እሱ ነው። ስስስታውም ቀስ በቀስ ከመንገዱ ጠፋ።

አንድ ጠዋት የኡሙሃኒ ፒክአፕ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። በሕይወቷ እዚያ ቆማ አታውቅም። አልወረደችም፤ ክርኗን መስኮቱ ላይ አድርጋ «ለካ» አለቻቸው።

ተንበርክከው አራቱንም ለኩ። ልክ ናቸው፤ በሩ ላይ የተጻፈውን ያህል። «ደህና ነው» አሉ ቀና ሳይሉ።

አትሄድም።

«ደህና ነው አልኩሽ እኮ።»

«ቃልህስ?»

«የቱ?»

«ጀናዛዋ ነዋ! መንሱር፣ አሁን ይኼ መንገድ ነው? ሰው ሁሉ ሰላም ብሎ ያልፋል። ከተማው ጭር አለብኝ። በላ፣ አንዴ በለኝና ተሰድቤ ልሂድ።»

አያ መንሱር አፋቸውን ከፈቱ። ያቺ ቃል ምላሳቸው ላይ ስትደርስ ፍራሽ ላይ የተጋደመች ሙሽራ ይዛ መጣች። መልሰው ዋጧት። የጎማውን አቧራ በመዳፋቸው ጠረጉለት።

«ነፍስ አለው» አሉ። «ሂጂ።»

ኡሙሃኒ ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ መኪናዋን አስነሣች። ፒክአፑ ቀስ ብሎ በአጠገባቸው ሲያልፍ፣ የኋላው ቀኝ ጎማ እፊታቸው ሲደርስ፣ ቀኝ እግራቸው በራሷ ጊዜ ከመሬት ትንሽ ከፍ አለች።

«አንቱ ሰውዬ!» አለች ዓሊማ ከሱቁ ውስጥ።

እግራቸው ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ኡሙሃኒ ግን በመስታወቷ አይታ ነበር መሰል፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ ጥሩንባዋን እየነፋች ሄደች።