መልሶ የሚገፋ መሪ

ገዳ፦ እኔ እኮ አልገባኝም። የባጃጄ መሪ ወደ ግራ እየጎተተ ሲያስቸግረኝ ጋራዥ ወስጄ አሠራሁት። አሁን ደግሞ የሚጎትት መሪ ፈልገን እንገዛለን?

ቀናው፦ መጎተት አይባልም! ፎርስ ፊድባክ ነው የሚባለው።

ገዳ፦ ስም ሲያወጡለት መጎተቱን ይተዋል?

[ክርክሩ አቃቂ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ፊርዶስ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ገዳ ባጃጁን ሸጦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር የመኪና ውድድር ጌም ቤት ሊከፍት ቆርጧል። ከእንግዲህ ቤተሰቡ የሚተዳደረው በዚሁ ስለሆነ፣ ሚስቱ አስካለች «ብቻህን ሄደህ እንዳትሸወድ» ብላ ወንድሟን ቀናውን አስከትላለች። ቀናው ስለ መሪ የሚያወሩ ቪዲዮዎች ሲያይ ነው የከረመው። ነድቶ ግን አያውቅም፤ መኪናም፣ ጌምም። ገዳ ይህን በልቡ ያውቃል፤ ግን የሚስት ወንድም ነውና ይሉኝታ ይዞታል።]

ቀናው፦ ስማኝ ወንድሜ። ስክሪኑ ላይ ኮረኮንች ስትገባ መሪው እጅህን ያንቀጠቅጠዋል። ኩርባ ላይ ይከብድብሃል። ግድግዳ ስትገጭ ይመታሃል።

ገዳ፦ ልጆቹ ከፍለው ሊመቱ ነው የሚመጡት?

ቀናው፦ ደስ እያላቸው! ዋናው ምርጫው ነው። በጥርስ የሚሠራ አለ፣ በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ ማለቴ ነው፣ የሚሠራ አለ፣ ቀጥታ ሞተሩ ላይ የታሰረ አለ። የጥርሱ ይንገጫገጫል። የቺንጋው ለስላሳ ነው፣ ግን ሰነፍ ነው። ቀጥታው ንጉሥ ነው!

ገዳ፦ ቺንጋው ሲበጠስስ መለዋወጫ ይገኛል?

ቀናው፦ ተራ ጥያቄ አትጠይቀኝ!

ገዳ፦ ተበጥሶ የሚቆመው የኔ ቤት ነዋ።

ቀናው፦ [ከመደርደሪያው ላይ ጥቁሩን መሪ እያሳየ] ይልቅ ይሄን ተመልከት። ዘጠኝ መቶ ዲግሪ!

ገዳ፦ [እጁን ቶሎ ሰብስቦ] ዘጠኝ መቶ ዲግሪ? ብረት ሊያቀልጡበት ነው እንዴ? የሰው ልጅ መዳፍ ይላጣል እኮ!

ቀናው፦ ሙቀት አይደለም! አዟዟሩ ነው! ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት ዙር ተኩል ይዞራል ማለት ነው።

ገዳ፦ ታዲያ ሁለት ዙር ተኩል ብለው አይገላገሉም?

ቀናው፦ ጉልበቱ ደግሞ ስምንት ኒውተን ሜትር!

ገዳ፦ እሱንማ ተወው። የተከራየሁት ክፍል ራሱ አራት ሜትር አይሞላም።

ቀናው፦ [ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ] እህቴ ካንተ ጋር እንዴት አድርጋ ነው የምትኖረው?

ገዳ፦ በሰላም። በኒውተን አንነጋገርም።

[ነገሩን በቀልድ መለሰው እንጂ ገዳን ጠቅ አድርጎታል። ፊርዶስ መሪውን አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አሰረችው፤ «ገመዱ አልተሰካም፣ ከጓዳ ላምጣ» ብላ ገባች። ገዳ ሰማት። ቀናው ሰው ሲናገር የመስማት ልማድ የለውም፤ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና መሪውን ጨበጠ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀይ መኪና ትከንፋለች። ወዲያው መሪው ይርገበገብ ጀመር።]

ቀናው፦ መጣ! እጄ ላይ መጣ! እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አየህ?

ገዳ፦ ቀናው፣ ገመዱ እኮ...

ቀናው፦ ዝም በል፣ ኮረኮንች ላይ ነኝ! ጎማዎቼን አንድ በአንድ እየለየኋቸው ነው። የኋላ ቀኙ ንፋስ ጎድሎታል።

ገዳ፦ አንተ ወደ ግራ ታዞራለህ፣ መኪናዋ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች።

ቀናው፦ ስልት ነው፣ አይገባህም! ይልቅ የሞተሩ ድምፅ አይሰማህም? ከደረት እኮ ነው የሚወጣው!

ገዳ፦ ይሰማኛል። ዳምጠው ነው።

ቀናው፦ ዳምጠው? የየት አገር ሥሪት ነው? አዲስ ሞዴል መሆን አለበት፣ ቪዲዮ ላይ አላየሁትም።

ገዳ፦ [የሱቁን በር ከፈት አድርጎ] መንገድ የሚጠቀጥቀው ዳምጠው! ይኸው ደጃፉ ላይ ጠጠር እየደመደመ ነው። ጠረጴዛውም፣ ሱቁም፣ እኛም እየተንቀጠቀጥን ነው። መሪው ገና አልተሰካም። መኪናዋ ደግሞ ፊርዶስ ለማሳያ የከፈተችው የተቀረፀ ውድድር ናት።

[ቀናው በበሩ ወደ ደጅ አየ። እጁን ግን ከመሪው አላነሳም፤ ማንሳት ስህተቱን ማመን መስሎታል።]

ቀናው፦ አውቄ ነው። አንተን ልፈትንህ ብዬ።

ገዳ፦ አለፍኩ?

[መልስ ከመምጣቱ በፊት ፊርዶስ ብቅ አለችና ገመዱን ሰካችው። መሪው በገዛ ፈቃዱ ወደ ግራ ተወረወረ፤ እንደገና እስከ ቀኙ ጥግ ተመዘገዘገ፤ የቀናውንም ክንዶች ጠምዝዞ ይዟቸው ዞረ። ቀናው ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተዘረረ።]

ቀናው፦ [ከወለሉ ላይ] ንቀሉት! ተበላሽቷል! ሰው ሊጨርስ ነው!

ፊርዶስ፦ ኧረ ደህና ነው! ሲበራ ራሱን የሚያስተካክለው እንደዚህ ነው።

[ቀናው አፉን ከፈተ፤ ቃል ግን አልወጣውም። ገዳ አነሳው፣ ልብሱን አራገፈለት፣ ጥግ አስቀመጠው። ከዚያ ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ፊርዶስ እውነተኛውን ጌም ከፈተችለት። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ መሪው በመዳፉ ውስጥ ከበደ፣ ገፋው፤ ገዳም መልሶ ገፋው። ባጃጁን ከሸጠ ወዲህ ባዶ የሆነው እጁ ሥራውን ያገኘ መሰለው። ዘወር ብሎ አየ፤ ቀናው አሁንም ዝም እንዳለ ነው።]

ገዳ፦ ፊርዶስ፣ ይሄንኑ ጠቅልይልኝ።

ፊርዶስ፦ ሌሎቹን ሳይሞክሩ?

ገዳ፦ እህቱን ካገባሁ ጀምሮ ቀናውን ዝም ያሰኘ ዕቃ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው!